የተች ስክሪን ፓናል ላይ ቁጥርና አድሬስ፦ የቱን አማራጭ እንምረጥ?

የማቀዝቀዣ ክፍል በር ላይ የተገጠመ ፓናል «6535.6 ዲግሪ» ብሎ ቢያሳይ የሚያምነው የለም። ባለቤቱም፣ ጥበቃውም፣ ሥጋ የሚያወርደው ልጅም «ይሄ ነገር ተበላሽቷል» ይላሉ። ስልክ ይደወላል፣ ቴክኒሽያን ይመጣል፣ በዚያው ቀን ይስተካከላል። ያው ፓናል የጎረቤቱን ክፍል ሙቀት ወስዶ የዚህኛው ነው ብሎ ቢያሳይስ? ቁጥሩ ጤነኛ ይመስላል። ማንም አይደውልም። ነገሩ የሚታወቀው ሥጋው ሲሸት ነው።

ከታች ያሉትን የቁጥር አጻጻፍና የአድሬስ (ቁጥሩ የሚቀመጥበት ቦታ) አማራጮች ያወዳደርኩት በዚህ ዓይን ነው። «የቱ ይቀላል?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያዋጣም። ሶፍትዌሩ ላይ ሁሉም በሁለት ክሊክ ያልቃል። የእኔ ጥያቄ «የቱ ሲሳሳት ቶሎ ያስታውቃል?» የሚል ነው። ስህተት መቼም አይቀርም፤ የሚጮኸው ግን ከዝምተኛው ይሻላል።

ይህ መሃል አዲስ አበባ ውስጥ ለሚሠራ ሰው በተለይ ይጠቅማል። ከሜክሲኮ እስከ ለገሃር፣ ከስታዲየም እስከ ቸርችል ጎዳና ባሉ ሕንፃዎች ምድር ቤት ብትወርዱ ዕቃው ድብልቅ ነው። ፒኤልሲው (ማሽኑን የሚያዝዘው ትንሽ ኮምፒውተር) የአንዱ ፋብሪካ፣ ፓናሉ የሌላው፣ ኢንቨርተሩ (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያው) የሦስተኛው። ገበያ ላይ የተገኘው ይገጠማል። ፋብሪካዎቹ ደግሞ በቁጥር አጻጻፍም በአድሬስ አቆጣጠርም አይስማሙም። በዚያ ላይ የገጠመው ሰውና ኋላ መጥቶ የሚጠግነው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይተዋወቁም።

ቁጥሩ ምን ዓይነት ነው?

አንድ ሬጅስተር፣ ማለትም ቁጥር የሚቀመጥበት አንድ ሣጥን፣ 16 ቢት (0 ወይም 1 የሚሆን ቦታ) ይይዛል። ምን ብሎ እንደሚያነበው ለፓናሉ የምንነግረው እኛ ነን። አንሳይንድ ካልነው ከ0 እስከ 65535 ይቆጥራል። ሳይንድ ካልነው ኔጌቲቭም ይቀበላል፤ ከ-32768 እስከ 32767 ይሄዳል።

የ6535.6 ምስጢር ይኸው ነው። ፍሪዘሩ በትክክል -18.0 ዲግሪ ላይ ነው። ፒኤልሲው ነጥቡን አውጥቶ -180 ብሎ አስቀምጦታል። ፓናሉ አንሳይንድ ሆኖ ሲያነበው 65356 ያገኛል። አንድ የነጥብ ቦታ ሲጨመርበት 6535.6 ይሆናል። ሴንሰሩም ሽቦውም ምንም አልሆኑም። ዓይነቱን ወደ ሳይንድ መቀየር ብቻ በቂ ነው።

ስለዚህ ለሙቀት፣ ለግፊት፣ ለውሃ ከፍታ ያለማመንታት ሳይንድ ምረጡ። «ግፊት ኔጌቲቭ አይሆንም» የሚል ክርክር ሰምቼ አውቃለሁ። ሴንሰሩ ከዜሮ በታች ትንሽ ዝቅ ሲል ግን -0.1 ቢያሳይ ማንም ይገባዋል፤ 6553.5 ቢያሳይ ግን ፓምፕ የሚያስፈታ ድንጋጤ ይፈጥራል። አንሳይንድ ቦታው ከ32767 በላይ ሊሄድ የሚችል ባለ አንድ ሬጅስተር ቁጥር ላይ ብቻ ነው።

ቢሲዲ የሚባለውን፣ እያንዳንዱን አኃዝ ለብቻው በአራት ቢት የሚጽፈውን፣ የምታገኙት በአብዛኛው አሮጌ ማሽን ላይ ነው። በቢሲዲ የተጻፈ 25 በተራ ቁጥር ሲነበብ 37 ይሆናል። የተገላቢጦሽ ከሆነ ደግሞ 25 የነበረው 19 ሆኖ ይታያል። መለያው ቀላል ነው፤ ቆጣሪውን ቀስ አድርጋችሁ አስቆጥሩት። ከ9 ቀጥሎ 16 ላይ ከዘለለ ቢሲዲ ነው። አዲስ ሥራ ላይ ግን በገዛ ፈቃድ የሚመረጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ባለ 32 ቢቱ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ዝምተኛው ስህተት የሚደበቀው እዚህ ነው። ባለ 32 ቢት ቁጥር ሁለት ሬጅስተር ይይዛል። ሚትሱቢሺ ላይ ዲ100 የሚባለውን ሬጅስተር ባለ 32 ቢት ካደረጋችሁ ዲ101ም ተይዟል ማለት ነው። ዲ101 ላይ ሌላ ነገር ካስቀመጣችሁ ሁለቱ ይደባለቃሉ። ይሄኛው ቶሎ ይታያል፤ ቁጥሩ እብድ ይሆናል። ችግሩ ፒኤልሲው በ32 ቢት እየቆጠረ ፓናሉ የመጀመሪያውን ሬጅስተር ብቻ በ16 ቢት ሲያነብ ነው። የዳቦ ቆጣሪ ነው እንበል። 500 ሲል ትክክል ነው። 20000 ሲልም ትክክል ነው። ርክክቡም ተፈርሞ አልቋል። ከዚያ 65535 ይደርስና ወደ 0 ይመለሳል። ሳይንድ ከሆነ ደግሞ 32767 ላይ ዞሮ ኔጌቲቭ ይገባል። ባለቤቱ «ሠራተኞቹ ቆጣሪውን እየነካኩ ነው» ብሎ ሰው መጠርጠር ይጀምራል። በርክክብ ቀን ቆጣሪው ላይ 70000 ጽፎ ማየት ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ሙሉ ቁጥር ከነነጥቡ ወይስ ፍሎት?

25.3 ዲግሪን በሁለት መንገድ ማስቀመጥ ይቻላል። አንደኛው 253 ብሎ ፓናሉ ላይ አንድ የነጥብ ቦታ መስጠት ነው። ሁለተኛው ፍሎት፣ ማለትም ነጥቡን ራሱ የሚይዘው ባለ 32 ቢት አጻጻፍ ነው።

ፍሎት ሲሳሳት አያፍርም። 25.3ን በፍሎት ያስቀመጠ መሣሪያ ሁለት ሬጅስተር ይሞላል፤ በተራ ቁጥር ካየናቸው አንዱ 16842፣ ሌላው 26214 ነው። ስለዚህ ፓናል ላይ በ16 ቢት 16842 ወይም 26214 ካያችሁ ዓይነቱ ተሳስቷል፤ ፍሎት መሆን ነበረበት። ሁለቱ ሬጅስተሮች ተገልብጠው ከተነበቡ ደግሞ 27 ተብሎ 22 ዜሮ የሚከተልበት ቁጥር ይወጣል፤ ፓናሉ ላይ ቦታ አጥቶ ኮከብ ወይም መስመር ሊያሳይ ይችላል። የሬጅስተሮቹን ቅደም ተከተል መቀያየር መፍትሔው ነው። ምርጫው በብዙ ፓናል ላይ አለ።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። የተገለበጠውን ፍሎት በድፍን ቁጥር አትፈትኑት። 25.0 ወይም 1.0 ተገልብጦ ሲነበብ ለዜሮ በጣም የቀረበ ቁጥር ስለሚሆን ፓናሉ 0.0 ብሎ ያሳያል። ሰውየው ሴንሰሩ አልተገናኘም ብሎ ሽቦ ሲጎትት ይውላል። 25.3 ጻፉበት፤ ወዲያው ይጮኻል።

የፍሎት ዝምተኛ ጎን ድምር ላይ ነው። ፍሎት በትክክል የሚይዘው ሰባት አኃዝ ያህል ነው። የውሃ ድምርን በሊትር፣ አንድ አንድ እየጨመረ በፍሎት የሚደምር ፕሮግራም 16,777,216 ላይ ሲደርስ ይቆማል። አንድ ሲጨመርበት ያው 16,777,216 ነው። ውሃው ይፈሳል፣ ቆጣሪው ቆሟል፣ ስህተት የሚል መልእክትም የለም።

እንግዲህ ምርጫዬ እንዲህ ነው። አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ለሚበቃው የሙቀት፣ የግፊትና የፍሪኩዌንሲ ንባብ ሳይንድ ሙሉ ቁጥር። ለድምርና ለቆጣሪ ባለ 32 ቢት ሙሉ ቁጥር። ፍሎት የሚመረጠው መሣሪያው ራሱ በፍሎት ሲሰጥ፣ እንደ ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መለኪያዎች፣ ወይም ፒኤልሲው ውስጥ ብዙ ስሌት ሲኖር ነው። እዚህ ላይ የማይስማሙኝ አሉ። ሲመንስ ላይ ብቻ የሚሠራ ሰው ሁሉንም ነገር ፍሎት ያደርጋል፤ ለእሱ ያስኬዳል።

በሙሉ ቁጥር መንገድ ከሄዳችሁ አንድ ነገር አስተውሉ። የነጥብ ቦታ መስጠት ነጥቡን ማስቀመጥ ብቻ ነው፤ ማካፈል አይደለም። አንዱ ቦታ ላይ የነጥብ ቦታ ሰጥቶ ሌላው ቦታ ላይ ደግሞ በ10 ያካፈለ ሰው 2.5 ዲግሪ ያነባል። ፓናሉ ላይ 25.3 ጽፋችሁ ሬጅስተሩ ውስጥ 253 መግባቱን በዓይናችሁ እዩ።

ስሌቱ የት ይሁን፣ ፒኤልሲ ላይ ወይስ ፓናል ላይ?

ሲመንስ ኤስ7-1200 የአናሎግ ግቤትን ከ0 እስከ 27648 ባለው ቁጥር ይተረጉማል። ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር በሚልክ የ10 ባር ሴንሰር ላይ 4 ሚሊአምፔር 0 ነው፣ 20 ሚሊአምፔር 27648 ነው፤ ማለትም 10 ባር። ይህን ጥሬ ቁጥር ወደ ባር መቀየር በፓናሉም ይቻላል፣ በፒኤልሲውም ይቻላል። ፓናሉ ላይ ዝቅተኛና ከፍተኛ ብሎ አራት ቁጥር መሙላት ስለሆነ ብዙ ሰው እዚያው ይጨርሰዋል።

አሁን ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ሕንፃ አስቡ። ምድር ቤት ካለው ታንከር ጣሪያ ላይ ወዳሉት ሮቶዎች የሚገፋ ፓምፕ አለ። አንድ ፓናል ፓምፕ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ፓናል ሥራ አስኪያጇ ቢሮ። የግፊት ሴንሰሩ ይበላሻል። ባለ 10 ባሩ ገበያ ላይ ይጠፋና ባለ 16 ባር ይገዛል። ቴክኒሽያኑ የፓምፕ ክፍሉን ፓናል አስተካክሎ ይሄዳል። ከዚያ ስልኩ ይጀምራል።

«እትዬ፣ እዚህ 6 ባር ነው የሚለው።»

«እኔ ጋ 3.75 ነው። የቱን ልመን?»

ሁለቱም ያው ጥሬ ቁጥር ነው የሚያነቡት፤ 10368። አንዱ በ16 ያባዛዋል፣ ሌላው በ10። ይሄ ገና ቀላሉ ነው። ከባዱ ፒኤልሲው ውስጥ ነው። «6 ባር ሲደርስ ፓምፑን አጥፋ» የሚለው ትእዛዝ በጥሬ ቁጥር 16589 ተብሎ የተጻፈ ከሆነ አዲሱ ሴንሰር ያንን ቁጥር የሚልከው 9.6 ባር ላይ ነው። ፓናሉ ትክክል ነው፣ ፓምፑ ግን ቧንቧው እስኪፈነዳ ይገፋል።

ስለዚህ ስሌቱ ፒኤልሲ ውስጥ፣ አንድ ጊዜ፣ አንድ ቦታ ይሁን። ገደቦቹም በባር ይጻፉ። ፓናሎቹ የተዘጋጀውን ቁጥር ብቻ ያሳዩ። የሴንሰሩን የላይ ወሰን ራሱን በይለፍ ቃል በተዘጋ ገጽ ላይ የሚሞላ ቁጥር ብታደርጉት ደግሞ ሴንሰር የቀየረ ሰው ላፕቶፕ አያስፈልገውም።

ፓናሉ ላይ ማስላት የሚያዋጣበት አንድ ሁኔታ አለ። ከውጭ የመጣ ማሽን ፒኤልሲው በይለፍ ቃል ተቆልፎ፣ የሠራው ፋብሪካም መልስ የማይሰጥ ከሆነ ምን ይደረጋል? ፓናሉ ላይ ታሰላላችሁ። ግን ለማሳያ ብቻ እንደሆነ በዚያው ገጽ ላይ ጻፉት።

ሲፈተን ደግሞ ከፍታችንን አትርሱ። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፒቲ100 የሚባለውን የሙቀት ሴንሰር የፈላ ውሃ ውስጥ ከትቶ ፓናሉን 100 እንዲል ያስተካከለ ሰው ስምንት ዲግሪ ስህተት በእጁ አስገብቷል። የግፊት ሴንሰርም ከዜሮ ፍጹም ግፊት ጀምሮ የሚለካው ዓይነት ከሆነ አየር ላይ ተፈትቶ 0.77 ባር አካባቢ ያሳያል። አልተበላሸም።

አድሬሱን በስም፣ በቀጥታ ወይስ በሞድባስ?

በስም መያያዝ ማለት ፓናሉና ፒኤልሲው በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ሆነው «የክፍል1_ሙቀት» የሚለውን ስም ሲጋሩ ነው። የሲመንስ ፓናልና የሲመንስ ፒኤልሲ በቲአይኤ ፖርታል (የሲመንስ ፕሮግራም መጻፊያ ሶፍትዌር) ውስጥ እንዲህ ይሠራሉ። ቁጥሩ ፒኤልሲው ውስጥ ቦታ ቢቀይርም ስሙ ይከተለዋል። ስሙ ከጠፋ ፕሮጀክቱ ኮምፓይል ሲደረግ ስህተቱን ይነግራችኋል። ከሁሉ የሚጮኸው አማራጭ ይኸው ነው። ዋጋው ሁለቱም ዕቃ ከአንድ ቤት መሆን አለበት፤ ሶፍትዌሩም በትክክለኛው ቨርዥን እጃችሁ ላይ መኖር አለበት።

ፓናሉ የሌላ ፋብሪካ ከሆነ ኤስ7-1200 ላይ በቀጥታ አድሬስ መሄድ የተለመደ ነው። ሦስት ነገር ካልተስተካከለ ፓናሉ ዝም ይላል፤ የዳታ ብሎኩ (ፒኤልሲው ቁጥሮቹን የሚያስቀምጥበት ክፍል) ኦፕቲማይዝድ አክሰስ የሚባለው ምርጫ መጥፋት አለበት፣ ፒኤልሲው ላይ ፑት እና ጌት የሚባለው ፈቃድ መከፈት አለበት፣ ፓናሉ ላይ የፒኤልሲው ቦታ ራክ 0 እና ስሎት 1 ተብሎ መሞላት አለበት። አሮጌውን ኤስ7-300 የለመደ ሰው ስሎት 2 ብሎ ይሞላና ግማሽ ቀን ያጣል። ያንን ፈቃድ ስትከፍቱ ደግሞ ኔትወርኩ ላይ ያለ ማንኛውም ሰው ያለ ይለፍ ቃል ፒኤልሲው ላይ መጻፍ ይችላል። የሆቴል እንግዶች ዋይፋይ በምንም መንገድ እዚያ ገመድ ላይ አይምጣ።

የዚህ መንገድ ዝምተኛ ስህተት መሃል ላይ መጨመር ነው። አንድ ሰው ዳታ ብሎኩ መሃል ላይ አዲስ ቁጥር ያስገባል። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በሁለት ወይም በአራት ባይት ይገፋል። ፓናሉ ግን የድሮውን ቦታ ማንበቡን ይቀጥላል። መከላከያው ለፓናሉ ብቻ የሚሆን ዳታ ብሎክ ለይቶ መሥራት ነው። አዲስ ነገር ሁልጊዜ ከታች ይጨመር።

ዴልታና ሚትሱቢሺ ላይ ነገሩ ቀለል ይላል። የፋብሪካውን ድራይቨር (ፓናሉ ከፒኤልሲው ጋር የሚነጋገርበትን ፕሮግራም) ከመረጣችሁ ዲ100 ያው ዲ100 ነው። ማንዋሉም፣ ፕሮግራሙም፣ ፓናሉም አንድ ቋንቋ ይናገራሉ። ይህ ድራይቨር ካለ ሞድባስን (የተለያዩ ፋብሪካዎች ዕቃዎች የሚነጋገሩበትን ደንብ) አትምረጡ። የዴልታ ዲቪፒ ዲ100 በሞድባስ 4196 ነው፤ ከ1 በሚቆጥር ፓናል ላይ ደግሞ 4197 ነው። እንዲህ ያለ ትርጉም በገባ ቁጥር ስህተት በር ያገኛል።

ሞድባስ ግን መቅረት የማይችልበት ቦታ አለ። የሙቀት ኮንትሮለር፣ ኢንቨርተር፣ የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ጄነሬተር ሁሉም የሚያውቁት የጋራ ቋንቋ ነው፤ ከ1979 ጀምሮ አለ። ችግሩ መቁጠር የሚጀምረው ከየት ነው የሚለው ላይ ነው። ገመዱ ላይ የመጀመሪያው ሬጅስተር 0 ነው። ብዙ ማንዋል ላይ ግን 40001 ተብሎ ይጻፋል። ጂ+5 ሕንፃ ላይ አንዱ ግራውንዱን «አንደኛ ፎቅ» ብሎ ሲቆጥር ሌላው ከላዩ ያለውን «አንደኛ» እንደሚለው ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ግን ዕቃ ሲላክ የጎረቤት በር ይንኳኳል። ሽናይደር ላይ ኤምደብሊው0 የሚባለው 40001 ነው። ዌይንቴክ ፓናል ላይ ተራው የሞድባስ ድራይቨር ከ1 ይቆጥራል፤ ከ0 የሚቆጥር ሌላ ድራይቨርም ለብቻው አለ። መሣሪያውና ፓናሉ ከየት እንደሚቆጥሩ ሳታውቁ አድሬስ አትሙሉ።

የአንድ ቁጥር መንሸራተት ምን እንደሚያደርግ በቅርበት እንየው። ፒያሳ ያለ የዳቦ ምድጃ ነው እንበል፤ የሙቀት ኮንትሮለሩ ዴልታ ዲቲቢ ነው። አሁን ያለው ሙቀት ያለበት ሬጅስተር በማንዋሉ 1000 ሄክስ (በ10 ሳይሆን በ16 የሚቆጠር) ነው፤ በተራ አቆጣጠር 4096። የተፈለገው ሙቀት ደግሞ ቀጥሎ ነው፤ 4097። ፓናሉ ከ0 ሲቆጥር ሰውየው ከ1 የሚቆጥር መስሎት 4097 ይሞላል። ምድጃው ይሞቃል፣ 220 ላይ ይረጋል። ፓናሉም 220.0 ይላል። ከኮንትሮለሩ ጋር ቢያስተያዩት ልክ ነው። አንድ ቀን የማሞቂያው ሽቦ ይቃጠላል። ምድጃው እየቀዘቀዘ ነው፤ ፓናሉ አሁንም 220.0 ይላል። ጋጋሪው ሊጡን ይከታል።

መፈተኛው አንድ ደቂቃ አይወስድም። የተፈለገውን ሙቀት በአምስት ዲግሪ ቀይሩት። «አሁን ያለው» የሚለው ቁጥር ወዲያው አብሮ ከዘለለ የምታነቡት እሱን አይደለም፤ ምድጃ በአንድ ጊዜ አምስት ዲግሪ አይዘልም። ፒኤልሲ ላይ ከሆነ ደግሞ በተከታታይ ሦስት ሬጅስተሮች 111፣ 222፣ 333 ጽፋችሁ ፓናሉ ላይ በቅደም ተከተል መውጣታቸውን እዩ።

ሄክስና ተራ ቁጥር መምታታቱ ብዙ አያስጨንቅም። ዴልታ ኢንቨርተር ላይ የሚወጣው ፍሪኩዌንሲ 2103 ሄክስ ላይ ነው፤ በተራ ቁጥር 8451። በሁለት ነጥብ ነው የሚመጣው፣ 5000 ማለት 50.00 ኸርዝ ነው። 2103ን እንዳለ የሞላ ሰው ኢንቨርተሩ «እንዲህ ያለ አድሬስ የለኝም» የሚል የስህተት መልስ ይልክለታል። ይሄ የሚጮኸው ወገን ነው።

የጣቢያ ቁጥር

በአርኤስ 485 የመገናኛ ገመድ ላይ ብዙ መሣሪያ ይሰካል፤ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 247 ያለ የራሱ ቁጥር ይኖረዋል። ብዙ ዕቃ ከካርቶኑ ሲወጣ ቁጥሩ 1 ነው። ሁለት 1 አንድ ገመድ ላይ ከተገናኙ ሁለቱም አብረው ይመልሱና መልሱ ይበላሻል። ስለዚህ ቁጥሩን አንድ በአንድ ስጡ፣ ቦርድ ውስጥ ከመስካታችሁ በፊት። እኔ ከ2 መጀመር እመርጣለሁ፤ 1 ባዶ ይቀመጥ። በኋላ የተበላሸ ተቀይሮ አዲስ ሲመጣ ከማንም ሳይጋጭ ገመዱ ላይ ይገባል።

ፍጥነቱንና ፓሪቲውንም (የስህተት መፈተሻ ቢቱን) አንድ አድርጉ። አንዳንድ የዴልታ ዕቃ ሲመጣ በአስኪ (አንዱ የሞድባስ ዓይነት)፣ ፍጥነት 9600፣ 7 ቢት፣ ፓሪቲ ኢቭን፣ 1 ስቶፕ ቢት ነው። ፓናሉ በአርቲዩ (ሌላው የሞድባስ ዓይነት) 8 ቢት ከሆነ አይገባቡም። ይሄም ጯሂ ነው፤ ምንም አይነበብም።

አንድ መሣሪያ ጠፍቶ ፓናሉ በሙሉ ቢንቀራፈፍ አትገረሙ። ፓናሉ ያንን የጠፋ ጣቢያ በየዙሩ ይጠራዋል፣ መልስ ይጠብቃል፣ ከዚያ ነው ወደ ቀጣዩ የሚያልፈው። የጥበቃ ጊዜውን አሳጥሩ። የማይሠራውን ጣቢያ ከስክሪኑ ማጥፋት የሚያስችል ቁልፍም አስቀምጡ። ሬጅስተሮቹን ደግሞ ተከታታይ ቦታ ላይ ብታደርጓቸው ፓናሉ በአንድ ጥያቄ እስከ 125 ያነባል። አሥር የተበታተኑ ሬጅስተሮች 150 ባይት ያስመላልሳሉ፤ አሥር ተከታታይ ከሆኑ 33 ባይት ይበቃል። በ9600 ፍጥነት ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

መብራት ሲሄድ ቁጥሩ የት ይደር?

ኦፕሬተሩ የሚሞላቸው ቁጥሮች፣ የተፈለገ ሙቀት፣ የፓምፕ ማስነሻ ግፊት፣ የመጋገሪያ ደቂቃ፣ ፓናሉ ውስጥ ወይም ፒኤልሲው ውስጥ ሊቀመጡ ይችላሉ። ዌይንቴክ ላይ ኤልደብሊው የሚባለው የፓናሉ ተራ ማህደረ ትውስታ መብራት ሲሄድ ይጸዳል፤ አርደብሊው ግን ይቆያል። ፒኤልሲም ላይ እንዲሁ መለየት አለባችሁ። ሚትሱቢሺ ኤፍኤክስ3ዩ ላይ ከዲ0 እስከ ዲ199 ያሉት ይጠፋሉ፣ ከዲ200 ጀምሮ ግን ይቆያሉ።

እኔ ፒኤልሲውን፣ የሚቆየውን ክፍል እመርጣለሁ። ፓናሉ ቢሰበር እንኳ ማሽኑ በያዘው ቁጥር ይቀጥላል። ለመሙያ የምታስቀምጡት ትንሹና ትልቁ ገደብም ፓናሉ ላይ ብቻ አይቅር። የፓናሉ ገደብ የሚከላከለው በዚያ ፓናል ላይ የሚተይብን ጣት ብቻ ነው። ሌላ ፓናል ወይም ኮምፒውተር በቀጥታ ከጻፈ ማንም አይከለክለውም። ፒኤልሲውም ቁጥሩን ሳይጠቀምበት በፊት ይፈትሽ።

ይህንንም ለመፈተን በርክክብ ቀን ዋናውን ብሬከር አጥፉት። ጄነሬተሩ ይነሳ፣ ፓናሉ ይመለስ፣ የሞላችሁት ቁጥር እንዳለ መሆኑን እዩ። መሃል ከተማ ውስጥ ይህን ፈተና መብራት ኃይል ራሱ በቅርቡ ስለሚያደርገው እናንተ ብትቀድሙት ይሻላል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ቦርዱ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፍ። ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ መስመር ይበቃል፤ «የክፍል 1 ሙቀት፣ ጣቢያ 2፣ 4096 ከ0 ሲቆጠር፣ ሳይንድ 16 ቢት፣ 1 ነጥብ» እንደሚለው ያለ። «ከ0 ሲቆጠር» የምትለዋን ቃል አትዝለሏት። የፕሮጀክቱን ፋይል ደግሞ ባለቤቱ የመጨረሻውን ክፍያ ከመክፈሉ በፊት በፍላሽ ይቀበል። ፓናሉ ውስጥ የተጫነውን መልሶ ማውጣት ሁልጊዜ አይቻልም፣ ቢወጣም በይለፍ ቃል ሊቆለፍ ይችላል። የሚቀበለው ፋይል ሶፍትዌሩ ላይ ተከፍቶ የሚስተካከለው ዋናው መሆኑን፣ ወደ ፓናሉ የሚጫነው የተጠናቀቀው ብቻ አለመሆኑን፣ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ከፍቶ ይይ።